የሳሉኪ አስተዳደግ፤ በአቡ ዳቢና በአል ዐይን ውሻና ሰው የተላመዱበት ታሪክ

ከአቡ ዳቢ ደሴት ወደ አል ዐይን የሚወስደው 160 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዛሬ በመኪና ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚያልቅ ቢሆንም፣ ነዳጅ ዘይት ከመገኘቱ በፊት ግን በግመል ጀርባ ቀንና ሌሊት እየተጓዙ፣ ከአንዱ ጕድጓድ ወደ ሌላው ጕድጓድ እየተሻገሩ የሚያልፉት ምድረ በዳ ነበረ። በአንደኛው ጫፍ ዕንቍ ጠላቂዎችና ዓሣ አጥማጆች፣ በሁለተኛውም ጫፍ ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሐፊት ተራራ ግርጌ፣ ፈለጅ በተባለው ቦይ ውኃ እየሳቡ የቴምር ዛፍ የሚያለሙ ገበሬዎች ሲኖሩ፣ በመካከሉና በምዕራቡም በኩል እስከ ሊዋ ድረስ በተዘረጋው በዛፍራ ምድር ድንኳኑን በግመል ጭኖ ዝናብና ሣር የሚከተለው በደዊ ይመላለስበት ነበር። የበደዊው ሀብት ግመልና ፍየል ነበረ፤ ክብሩ ግን በክንዱ ላይ የሚያስቀምጠው ጭልፊትና በድንኳኑ ጥላ ሥር የሚያስተኛው ሳሉኪ የተባለው አዳኝ ውሻ ነበሩ። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚህ ውሻ ነው፤ ይኸውም ስለ ሩጫው ፍጥነት ሳይሆን፣ ከሰውና ከሌሎች እንስሳት ጋር እንዴት ተላምዶ ያድግ እንደ ነበረና ያ ልማድ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንዴት እንደ ተለወጠ ነው። ዘመናቱም ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን ዘንድ እንለምናለን።

ሳሉኪ ወገበ ቀጭን፣ ደረተ ጥልቅ፣ እግረ ረጅም ፍጥረት ነው። ባለቤቶቹ ጠጕሩ አጭርና ልስልስ የሆነውን ሑስ፣ በጆሮውና በጅራቱ ላይ ጠጕር የሚዘናፈልለትን ደግሞ አርያሽ ይሉታል፤ ሁለቱም በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጡ ሚዳቋን ለመያዝ የሚችሉ ናቸው። ስለ አዳኝ ውሻ የጥንት ዐረቦች ብዙ ጽፈዋል፤ በ9ኛው መቶ ዓመት የነበረው አል ጃሒዝ ስለ እንስሳት በደረሰው ሰፊ መጽሐፍ የውሻንና የአውራ ዶሮን ደጋፊዎች ሲያከራክር፣ በ921 የሞተው ኢብን አል መርዙባን ደግሞ ውሻ ልብስ ከሚለብሱት ከብዙዎቹ እንደሚበልጥ የሚናገር መጽሐፍ ጽፎ ትቶልናል፤ ባለቅኔው አቡ ኑዋስም በአደን ቅኔው የአዳኝ ውሾችን ግርማ አወድሷል። በአውሮፓም በኩል ፍሎረንስ አምኸርስት የተባለች የእንግሊዝ ወይዘሮ በ1895 ከዐረብ አገር ሳሉኪዎች አስመጥታ ማርባት ስለ ጀመረች፣ የእንግሊዝ የውሻ ማኅበር በ1923 ዘሩን በመዝገቡ ተቀብሎታል። ነገር ግን ጸሓፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመሰግኑት ደሙንና እግሩን ስለ ሆነ፣ ይህን ፍጥረት ጨዋና ታማኝ ያደረገው የልጅነት አስተዳደጉ ከምስጋናው ድርሻውን ሳያገኝ ቀርቷል። በእኔ አስተያየት ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ይህ ነው።

በመጀመሪያ ሃይማኖቱ ለዚህ ልማድ እንዴት በር እንደ ከፈተ መመልከት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በእስልምና ሕግ የውሻ ምራቅ ርኵስ ነው የሚለው ትምህርት በብዙ አገር የታወቀ ስለ ሆነ፣ ውሻ በድንኳን ውስጥ ከቤተ ሰብ ጋር ይተኛ ነበር ሲባል የሰማ ሁሉ ይደነቃል። በቍርኣን በማኢዳ ምዕራፍ በ4ኛው አንቀጽ፣ ሰው ያስተማራቸው አዳኝ እንስሳት ለባለቤታቸው የያዙትን፣ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ መብላት የተፈቀደ መሆኑ ተጽፏል። ሊቃውንቱም ይህን ሲተረጕሙ፣ ውሻው ከያዘው ሥጋ ቢበላ ለራሱ እንጂ ለጌታው አላደነምና አትብሉለት የሚል ትእዛዝ ከነቢዩ ተላልፏል ይላሉ። ስለዚህ ሥጋው የተፈቀደ እንዲሆን፣ ርቦት ሳለ የያዘውን ሚዳቋ ሳይቀምስ ጌታውን ቆሞ የሚጠብቅ ውሻ ያስፈልግ ነበር፤ እንዲህ ያለ ውሻ ደግሞ በዱላ ብቻ የሚገኝ አይደለም፣ ከሰው ጋር ካደገ በቀር። ከዚህም ሌላ የአቡ ዳቢ ገዥዎች፣ የናህያን ቤተ ሰብ፣ የሚከተሉት የማሊክን መዝሀብ፣ ማለትም የሕግ አስተምህሮ፣ ነው፤ ይህም መዝሀብ ሕያው የሆነውን ውሻ ንጹሕ አድርጎ ስለሚቈጥር፣ እጅግ ጥብቅ ከሆነው ከሻፊዒ መዝሀብ በዚህ ነገር ይለያል። በሐረርና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ያሉት ሙስሊሞች ወገኖቻችን ሻፊዒዎች በመሆናቸው፣ የአገራችን ሰው ወደ አል ዐይን ሄዶ ውሻ በምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ሲያይ ግር ቢለው አይፈረድበትም። በእኛ በክርስቲያኖቹም ዘንድ ቢሆን ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ እንከለክላለን፤ ሆኖም በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሲጓዝ ውሻው እንደ ተከተለው እናነባለን፤ በእኛ ስንክሳር የሚዘከሩት የኤፌሶን ሰባቱ ደቂቅም፣ በቍርኣን በካህፍ ምዕራፍ ሲተረኩ፣ በዋሻው ደጃፍ ክንዱን ዘርግቶ የተኛ ውሻ አብሯቸው አለ።

ሕጉ ይህን ከፈቀደ ዘንድ፣ ድንኳኑ የቀረውን ሠራ። የበደዊ ድንኳን ከፍየል ጠጕር የተሠራ ጥቁር ድንኳን ሲሆን፣ በመካከሉ በመጋረጃ ተከፍሎ፣ አንዱ ወገን እንግዳ የሚቀበሉበትና ቡና የሚፈላበት የወንዶች ክፍል፣ ሌላው ወገን ምግብ የሚሰናዳበት፣ ሽመና የሚሸመንበትና ሕፃናት የሚያድጉበት የሴቶች ክፍል ነበር። ሴቲቱ ሳሉኪ የምትወልደው ከቤተ ሰቡ አጠገብ እንጂ በሜዳ አልነበረም፤ ስለዚህ ቡችላው ዐይኑን ከገለጠበት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የሚያየው የሰው ፊት፣ የሚሰማውም የሙቀጫውን ድምፅ፣ የሕፃኑን ለቅሶና የግመሉን ጕርምርምታ ነበር። ከእናቱ ጡት ሲለይ የፍየልና የግመል ወተት ይሰጠዋል፤ ቴምርም ይበላል። ሕፃናቱ ጆሮውን ይጎትቱታል፣ አብረውት ይንከባለላሉ፣ በምሽትም ብርዱ ሲጸና ይታቀፉታል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሦስት ቀን በድንኳኑ መስተንግዶ ማግኘት መብቱ ስለ ነበረ፣ ቡችላው ሳያድግ ገና የብዙ ሰዎችን ሽታና ድምፅ ይለምዳል፤ ሽማግሌውንና ጐልማሳውን፣ ጥይት የታጠቀውንና ቅል የተሸከመችውን ያውቃል።

ይህ ሁሉ በሴቶች ክፍል የተፈጸመ ሥራ መሆኑን አጥብቄ መናገር እወዳለሁ። የበኒ ያስ ጎሣ ወንዶች አብዛኞቹ በበጋ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ወደ ባሕር ወርደው ዕንቍ በሚያወጡት መርከቦች ላይ አራት ወር ያህል ይቈዩ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሴቶቹ፣ ሽማግሌዎቹና ሕፃናቱ ወደ ሊዋ ወይም ወደ አል ዐይን የቴምር አጸዶች ወጥተው ፍሬውን ይለቅማሉ። እንግዲህ ባል በባሕር ላይ ሳለ ውሻዪቱን የምታበላው፣ የታመመውን ቡችላ የምታስታምመው፣ ደካማውንም ከብርቱው ለይታ ወተት የምትሰጠው ሚስቱና እናቱ ነበሩ። የወንዱ ድርሻ በክረምት አደን ሲመጣ ጐልቶ ስለሚታይ፣ ስሙም ዝናውም ለአዳኙ ሆነ፤ ውሻውን ለአደን የሚበቃ አድርጋ ያሳደገችው ሴት ግን በቅኔው ውስጥ አልተጠራችም።

የነገሩን እውነትነት ለመመርመር የፈለገ ሰው፣ በዚያው ሰፈር፣ በዚያው አሸዋ ላይ የሚኖረውን የጥበቃ ውሻ ይመልከት። እርሱ ከድንኳኑ ውጭ አድጎ ከውጭ የሚቀር፣ መንጋውን ከተኵላና ከሌባ የሚጠብቅ፣ ቀርቦ የሚነካው ሰው የሌለው፣ ለእንግዳ ሁሉ የሚያንጐራጕር ነበር። ሁለቱ ውሾች በዘር መለያየታቸው እሙን ነው፤ ነገር ግን በዘር ብቻ የተለያዩ ቢሆኑ ኖሮ ባለቤቶቻቸው በማሳደጊያ ስፍራቸው እንዲህ አጥብቀው ለይተው ማኖር ባላስፈለጋቸው ነበር። ሳሉኪ በገንዘብ አይሸጥም ነበር፤ ለወዳጅ ወይም ለአለቃ በስጦታ ይሰጣል፤ ወጣቱ ውሻ ወደ ሌላ ሰው ድንኳን ተወስዶ ሳይነክስና ሳያለቅስ መኖር የሚችለው፣ ከሰው ጋር መኖርን በአጠቃላይ ለምዶ ያደገ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ከሰው ቀጥሎ የሚያስተምረው ሌላው ውሻ ነበር። ቡችላው በእግሩ ሲጸና ትልልቆቹን እየተከተለ በድንኳኑ ዙሪያ ይሮጣል፤ እናቱን አለልክ ሲነክስ ትቈጣዋለች፣ ትልቁም ውሻ ከምግቡ ላይ ሲደርስበት በጕርምርምታ ይመልሰዋል፤ እንዲህም እያለ የጨዋታንና የጠብን ወሰን ይማራል። ለአደን ማለማመድ ሲጀመር በመጀመሪያ የበረሃውን ዘላይ አይጥ ያባርራል፣ ቀጥሎ ከልምድ ካለው ውሻ ጋር ሆኖ ጥንቸል ይከተላል፤ ሚዳቋን እንዲያሳድድ የሚፈቀድለት ግን አጥንቱ ከጠነከረ በኋላ፣ ዓመት ካለፈው ወዲያ ነው። የእግሩ መዳፍ በጋለ አሸዋና በድንጋይ እንዳይቈስል፣ የአገራችን ሴቶች እንሶስላ እንደሚሞቁ ሁሉ፣ መዳፉን በሂና ይቀቡለት ነበር፤ ወደ አደኑም ስፍራ እስኪደርሱ እንዳይደክም በግመል ጀርባ ላይ ከጌታው ጋር ያስቀምጡታል። ግመል ላይ ተቀምጦ የሚጓዝ ውሻ የግመሉን መነሣትና መንበርከክ ከልጅነቱ ያልለመደ ቢሆን ኖሮ ከፍርሃት የተነሣ ዘሎ በተሰበረ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከጭልፊት ጋር ያለው ኅብረት ነው። በአደን ጊዜ ጭልፊቱ ከላይ ሆኖ ሚዳቋውን ያያል፣ ወርዶም ራሱ ላይ እያንዣበበ ሩጫውን ያውካል፤ ውሻውም በዚህ ጊዜ ደርሶ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ አዳኙ ስመ እግዚአብሔርን ጠርቶ ያርደዋል። በአንድ ሥጋ ላይ ሁለት ነጣቂዎች፣ አንዱ ባለ ክንፍ፣ አንዱ ባለ ጥርስ፣ ሳይጣሉ እንዲቆሙ ማድረግ የሚቻለው ቡችላው ገና ከወራት ዕድሜው ጀምሮ ጭልፊቱ በመቀመጫው ላይ ባለበት ድንኳን ውስጥ ሲያድግ፣ ወፉንም እንደ ቤተ ሰብ እንጂ እንደ አደን ሳይቈጥር ሲቀር ነው። ጭልፊቱም በበኩሉ በውሻው አጠገብ ሆኖ ሥጋ መብላትን ይለምዳል። ይህ የጭልፊት አደን ልማድ የተባበሩት የዐረብ ኢምሬትስ ከሌሎች አገሮች ጋር ባቀረበችው ጥያቄ በ2010 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ይህን ዓለም በመጨረሻው ሰዓት ደርሶ ያየውና ለዓለም የጻፈው ሰው ደግሞ የተወለደው በእኛው ዋና ከተማ ነው። ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ አባቱ የእንግሊዝ ንጉሥ መልእክተኛ ሆኖ በተቀመጠበት በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ለጋሲዮን ቅጥር ውስጥ በ1910 ተወልዶ፣ በ1930 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተገኝቶ፣ በ1933 የአዋሽን ወንዝ መድረሻ ፍለጋ በአፋር ምድር ተጕዞ፣ በ1941 በጎጃም ከኢጣሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ከተዋጋ በኋላ፣ ሩብዕ አል ኻሊ የተባለውን ባዶ ምድረ በዳ ሁለት ጊዜ ተሻገረ። በ1948 ወደ አል ዐይን አካባቢ ደርሶ በሙወይጂ ግንብ፣ ከ1946 ጀምሮ የአል ዐይን አስተዳዳሪ ሆኖ ይኖር የነበረውን ሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣንን ተዋወቀ፤ በኋላም አብሮት በጭልፊት አደነ። በደዊዎቹ ሙባረክ ቢን ለንደን ብለው የሰየሙት ይህ ሰው በ1959 ያሳተመው የዐረቢያ አሸዋ መጽሐፉ በመላው ዓለም ተነበበ፤ ዛይድ ቀዳማዊ የተባለው የቀድሞ የአቡ ዳቢ ገዥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባሠራው በአል ጃሂሊ ምሽግ ዛሬ ቋሚ ትርኢት ተደርጎለታል። ወደ አል ዐይን የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ምሽግ ሳያይ እንዳይመለስ እመክራለሁ።

ቴሲጀር አሸዋውን ከተሻገረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአሜሪካ አገር በሜይን ጠረፍ በባር ሃርበር ከተማ የነበሩ ሊቃውንት፣ በደዊዎቹ ከልማድ ያወቁትን ነገር በምርምር ለማግኘት ይደክሙ ነበር። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በጃክሰን ላቦራቶሪ አምስት ዓይነት ውሾችን፣ ከእነርሱም መካከል የአፍሪካን ባሴንጂ ጨምረው፣ ለብዙ ዓመታት እያሳደጉ መርምረው ውጤታቸውን በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። በ1961 በዚያው ስፍራ ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊየት ያሳተሙት ምርመራ ግን ከሁሉ የበለጠ ግልጽ ነው፤ ቡችሎችን ሰው በማይደርስበት በታጠረ ሜዳ ከእናታቸው ጋር አኑረው፣ አንዳንዶቹን በሁለተኛው፣ ሌሎቹን በሦስተኛው፣ በአምስተኛው፣ በሰባተኛውና በዘጠነኛው ሳምንት እያወጡ ለአንድ ሳምንት ያህል ከሰው ጋር አጫወቷቸው። እስከ ዐሥራ አራተኛው ሳምንት ሰው ያልነካቸው ቡችሎች እንደ አውሬ ሆነው ቀሩ፤ ከዚያም በኋላ ሊያላምዷቸው ቢሞክሩ በብዙ ድካም ጥቂት ብቻ ተሳካላቸው። ከዚህ የተነሣ የእንስሳት ሐኪሞች ሁሉ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ዐሥራ ሁለተኛውና ዐሥራ አራተኛው ሳምንት ያለውን ጊዜ የመላመጃ ዘመን ብለው ይጠሩታል። የበደዊዋ ሴት ሳምንታቱን አልቈጠረችም፤ መቍጠርም አላስፈለጋትም፣ ድንኳኗ አንድም ቀን ሰው አይጐድለውምና።

በአቡ ዳቢ ግዛት በ1958 ከባሕር በታች ነዳጅ ዘይት ተገኝቶ፣ በ1962 የመጀመሪያው ጭነት ከዳስ ደሴት ተነሥቶ ከሄደ፣ ሼክ ዛይድም በ1966 የአቡ ዳቢ ገዥ ሆኖ ከተሾመ በኋላ፣ የዚህ ሁሉ ሥርዐት መሠረት ተናወጠ። የዕንቍው ንግድ አስቀድሞ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በጃፓን እርባታ ዕንቍ ምክንያት ወድቆ ነበር፤ አሁን ደግሞ መንግሥት ለበደዊው ሸዕቢያ የሚባሉትን ግንብ ቤቶች እየሠራ በነጻ ሰጠ። ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ያገኘ ሕዝብ ወደ ድንኳኑ እንዲመለስ የሚመኝ ሰው ቢኖር ክፉ ምኞት ነው። ነገር ግን አዲሱ ቤት የታጠረ ግቢ፣ የተወለወለ ወለልና የሚቀዘቅዝ ክፍል ያለው በመሆኑ፣ ሳሉኪው ከቤተ ሰቡ ክፍል ወጥቶ በግቢው ጓሮ በሽቦ በታጠረ ቤት፣ ወይም ከከተማ ውጭ ግመሎች በሚጠበቁበት ዕዝባ በሚባለው ስፍራ ለጠባቂ ተሰጠ። አደኑም እንዲሁ፣ በመኪናና በጠመንጃ ሚዳቋውና ሳላው እስኪመናመን ድረስ ከተሳደደ በኋላ፣ በ1983 በወጣው የፌዴራል ሕግ ተከለከለ፤ ሼክ ዛይድ በ1968 በአል ዐይን ያቋቋመው የእንስሳት መጠበቂያም ለሳላ ዘር መትረፍ አገልግሏል። ሕጉ የተገባ ነበረ፤ ሳሉኪውን ግን ሥራ አሳጣው። ሥራ ያጣ ውሻ በጓሮ ታስሮ፣ ከአንድ መጋቢ በቀር ሌላ ሰው ሳያይ የወለዳቸው ቡችሎች፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከእንግዳ ፊት የሚሸሹ፣ በመኪና ድምፅ የሚንቀጠቀጡ ሆነው መገኘታቸው፣ የባር ሃርበርን ምርመራ ላነበበ ሁሉ አያስገርምም።

ይህን ጕዳት ያስተዋሉ የአገሩ ተወላጆች፣ ከእነርሱም መካከል ሐመድ አል ጋኔም፣ በ2001 በአቡ ዳቢ የዐረቢያ ሳሉኪ ማእከልን አቋቋሙ፤ ማእከሉም በ1999 ከተከፈተው ታዋቂው የጭልፊት ሆስፒታል አጠገብ ይገኛል። ውሾቹ በዚያ በየዘራቸው ይመዘገባሉ፣ ከቆዳቸው በታች መለያ ቺፕ ይገባላቸዋል፣ ይታከማሉ፤ የትምህርት ቤት ልጆችና ከውጭ አገር የመጡ ጎብኚዎችም ቀርበው ይዳስሷቸዋል፤ ይህም ለሕፃናቱ ብቻ ሳይሆን ለውሾቹም ትምህርት ነው። በ2003 በተጀመረው የአቡ ዳቢ የአደንና የፈረስ ትርኢት ሳሉኪዎች በሺህ በሚቈጠር ሕዝብ መካከል ቀርበው በቁንጅና ይወዳደራሉ፤ በዛፍራ በዓልም በሕይወት ያለ ሚዳቋ ቀርቶ፣ በመኪና የሚጐተት የሚዳቋ ምስል እያሳደዱ ይሮጣሉ። በትርኢት አዳራሽ በብርሃንና በጩኸት መካከል ጸጥ ብሎ የሚቆም፣ ዳኛው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሲያይለት የማይነክስ ውሻ፣ በቡችላነቱ ከሰው ጋር ያልተላመደ ሊሆን አይችልም፤ እንግዲህ ውድድሩ ሳያስበው የጥንቱን አስተዳደግ መልሶ ግዴታ አድርጎታል ማለት ነው። በሌላ በኩል በ2016 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቍጥር 22 ማንኛውም ውሻ ፈቃድ እንዲኖረውና በአደባባይ በማሰሪያ እንዲሄድ ስለሚያዝ፣ ውሻ ከውሻ ጋር በነጻ ተገናኝቶ የሚጫወትበት ስፍራ በባለቤቶቹ ፈቃድና ዝግጅት የሚገኝ ሆኗል። በበጋ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ይህ ስብሰባ የሚደረገው ጎሕ ሳይቀድ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች በታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። በአቡ ዳቢና በአል ዐይን ቤቶች የሚሠሩ እኅቶቻችን ብዙዎች ናቸው፤ ከወሎም ይምጡ ከጅማ፣ በወላጆቻቸው ግቢ የሚያውቁት ውሻ ቀን በአጥር ሥር የሚታሰር፣ ማታ ለጅብና ለሌባ የሚፈታ፣ ልጅም በድንጋይ የሚመታው ነው። አገራችን ውሻን እንዲህ ያሳደገችው በጭካኔ ሳይሆን ጥበቃ ስላስፈለጋት ነው፤ በመስክ ከእረኛው ልጅ ጋር የሚውለው ውሻ ለማዳና ተጫዋች ሆኖ የሚገኘው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ከእጁ ቍራሽ ስለሚቀበል ነው። በአዲሱ አገር ግን ቡችላውን ጠዋትና ማታ የምታበላው፣ የምታጥበው፣ በማሰሪያ ይዛ በሰፈሩ መንገድ የምታዞረው ብዙ ጊዜ ይህች እኅት ናት። በመጀመሪያ ትፈራዋለች፤ አንዳንዷም በሃይማኖት ልማድ ምክንያት ልብሷን እንዳይነካት ትሸሸዋለች፤ ቀናት ሲያልፉ ግን በአማርኛ ትጠራዋለች፣ እርሱም ድምፅዋን ለይቶ ይመጣል። የቤቱ ልጆች በትምህርት ቤት፣ ባለቤቶቹም በሥራ ላይ ሲሆኑ፣ በእነዚያ ዐሥራ ሁለትና ዐሥራ አራት ሳምንታት ውሻውን ከሰው ልጅ ጋር የሚያስታርቀው እጅ የእርሷ እጅ ይሆናል፤ በድንኳኑ የሴቶች ክፍል ይሠራ የነበረው ሥራ ዛሬ ወደ እርሷ ተላልፏል።

አሠሪዎች ይህን ሥራ እንደ ጥራጊ ሥራ ባይቈጥሩት፣ ለሠራተኛይቱም ውሻን የመያዝ ትምህርት፣ ስትነከስም ሕክምና፣ ለዚህም ድካሟ የተለየ ዋጋ ቢሰጧት የሚገባ ነው፤ የማትወድ ወይም ሃይማኖቷ የሚከለክላት ብትሆን ደግሞ ልትገደድ አይገባም። የዘር መዝገብ ጸሓፊዎችም ከአባቱና ከእናቱ ስም ቀጥሎ ቡችላው በየትኛው ቤት፣ በማን እጅ እንዳደገ የሚመዘግቡበት አንድ መሥመር ቢጨምሩ፣ ገዢውም ወይም ተቀባዩ ስለ ውሻው ጠባይ አስቀድሞ ለማወቅ ከደሙ ይልቅ ይህ መሥመር ይጠቅመው ነበር።